የተረሳው መነጽር

ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ ለወይዘሮ ማኅደር

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እናትዎስ ተሻላቸው? እሳቸውን ለማስታመም ኮሌጁን ለቀው ደሴ ከገቡ ወዲህ ግቢው ጭር ብሏል ይላሉ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አላህ ይመስገን። ይህ ደብዳቤ ሊደርስዎት የሚገባው በነሐሴ ነበርና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በወር አንድ ገጽ፣ በራሴ እጅ፣ እህቴ ሱሀይላ ሳታርምልኝ ልጽፍልዎት የገባሁትን ቃል አልረሳሁም። ስልክ ደውዬ እንዳላመልጥም ከልክለውኛል። አንዷ ገጽ ሦስት ቀን እንደምትፈጅብኝ እያወቁ ነው የፈረዱብኝ። እኔም አላማረርኩም፤ ብቻ ነሐሴን ዘለልኳት።

የዘገየሁት ግን በደግ ነው። ሥራ ያዝኩ። ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ ሲሄዱ ባለ መስታወቱ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ተቀብሎ ወደ ክፍለ ሀገር የሚልክ ድርጅት አለ። እዚያ የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ይመጣል፣ ወረቀት ይሄዳል። ያስገባኝ እርስዎ የጻፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ አለቃችን አቶ ዑቕባይ አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው ጨበጡኝ።

ድርጅቱ ዋስ ስለሚፈልግ አባዬ የአይሱዙውን ሊብሬ አስይዞ ዋስ ሆነኝ። ከቤታችን ቢሮ ገብቶ የሠራ ከእኔ በፊት የለም። የምርቃት ፎቶዬን ከመሪው ፊት ለፊት ለጥፎታል። ኬላ ላይ ወረቀት ለሚያየው ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ «ልጄ ነው፤ ቦሌ ቢሮ ነው» እያለ ያሳያል አሉ።

ሥራ መያዜን ሰምተው «ትወደዋለህ ወይ?» ብለው በአባዬ በኩል ስለጠየቁኝ ነገር፦ ወንበሬ ይሽከረከራል። መስኮቱ ወደ አስፋልቱ ያያል። ሻይ በቀን ሁለቴ ያመጡልናል። ጎኔ የምትቀመጠው ሉላ የምትባል ልጅ ጥሩ ሰው ናት።

ደብዳቤውን እንደ ወትሮው አባዬ ሐሙስ ጭነት ይዞ ሲመጣ ያደርስልዎታል። ደሴ ሲገባ ከጭነቱ ባለቤት በፊት እርስዎ ጋ ነው የሚቆመው።

አክባሪዎ
ሙስአብ አብዱልገኒ


ደሴ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙስአብ

እንደምን ከርመሃል ልጄ? እናቴ እንዳለች አለች፤ አልጋ ላይ ሆና እኔን ታዛለች። አባትህ ደብዳቤህን በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። ሻዩን ጠጥቶ፣ የቢሮህን ፎቅ ነግሮኝ፣ ሊፍቱ እንዴት እንደሚወጣ ጭምር አስረድቶኝ ሄደ። እንኳን ደስ ያላችሁ። ደስታው ከአንተ ይልቅ በእሱ ፊት ላይ ስለታየኝ ነው ሁለታችሁንም የማለው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ሥራህን ትወደዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ፤ አንተ ስለ ወንበር መለስክልኝ። ድሮም ልማድህ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለህ የፈተናውን ወረቀት ባዶውን ብትሰጠኝ ቢሮዬ ጠራሁህ፤ ያን ቀን ያወራኸኝ ስለ ዝናቡ ነበር። ከዚያ ጥያቄዎቹን በቃሌ አንብቤልህ ከሠላሳው ሃያ ዘጠኙን መለስክ። ፊደልን ለይቶ ማንበብ የሚያስቸግር፣ ዲስሌክሲያ የሚባል ነገር እንደሆነ፣ የዓይን በሽታ እንዳልሆነ፣ ከስንፍናም ከድንቁርናም እንደማይቆጠር ስነግርህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ስም አለው እንዴ?» አልከኝ። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምከኝ።

ስለዚህ እኔን አትሸውደኝም። ቀኑን ሙሉ ወረቀት በሚመጣበት ክፍል፣ የሚያነብልህ ሰው ሳይኖር፣ እንዴት ነው የምትዘልቀው? አለቃህስ ያውቃል? ስለ ሻዩ በቂ ሰምቻለሁ።

መምህርትህ
ማኅደር


ወሎ ሰፈር
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ

እንደምን ሰነበቱ? መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አባዬ ኅዳርን ሙሉ አልወጣም፤ እኔም በዚያ አሳብቤ አልጻፍኩም። ይቅርታ።

እውነቱን ልጻፍ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቢሮ እገባለሁ፤ ሌላው ሰው የሚገባው ሁለት ተኩል ነው። በዚያች ሁለት ሰዓት የቀኑን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነባለሁ። እንግሊዝኛውን ስልኬ ጆሮዬ ላይ ያነብልኛል፤ አማርኛውን ግን እኔው ነኝ። ወረቀት ድንገት ሲመጣ ደግሞ ዘዴ አለኝ። ከሾላ ገበያ መነጽር ገዛሁ። ቁጥር የለውም፣ ባዶ መስታወት ነው። የገዛሁት ልረሳው ነው። ሁልጊዜ መነጽር የሚያደርግ ሰው አንድ ቀን ረሳሁ ቢል ይታመናል። «ሉላ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አንብቢልኝ» እላታለሁ። ታነብልኛለች፤ አንዴ የሰማሁት ደግሞ አይጠፋኝም።

ከማን ተማርከው ቢሉኝ እንጃ። ቤታችን የኖረ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ወረቀት ስናመጣ አባዬም መነጽሩን መኪና ውስጥ እየረሳ ለእማዬ ያቀብላት ነበር። የአባዬ ነገር ከተነሣ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ በቀይ የተሞላ ደብተሬን አይቶ መትቶኛል። በሕይወቴ የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሥቶ፣ የትም ሳይሄድ ቁጭ አለ። እማዬ ምሳውን እዚያው ወሰደችለት።

አቶ ዑቕባይ አያውቁም። ደግ ሰው ናቸው፤ መከራዬም ደግነታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት መስመር አቀያይሬ ሐዋሳ መሄድ የነበረበትን ጭነት ጅማ ላክሁት። የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይኔ ሳይደክም እንዳልቀረ፣ መነጽሩም ልኬ እንዳልሆነ ነገሩኝና ከዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዙልኝ። ጥር አምስት ነው። ዓይኔ እኮ ምንም አልሆነም፤ ከመስኮቱ ሆኜ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ቁልፍ እቆጥራለሁ። ምን ልበላቸው?

ስለ መጀመሪያው ጥያቄዎ፦ እሑድ ማታ እሑድ ማታ ሆዴን ያመኛል። ይህ መልስ ከሆነ ይውሰዱት።

አክባሪዎ
ሙስአብ


ደሴ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙስአብ

አራት መስመር ብቻ የሆነችው ደብዳቤህ ደረሰችኝ። ሐኪሙ ዓይንህ ፍጹም ጤነኛ ነው ብሎ ጽፎልሃል። አቶ ዑቕባይ ወረቀቱን አይተው «ታዲያ ምንድነው?» ብለውሃል። አንተም ነግረሃቸዋል። ምን እንዳሉህ ግን አልጻፍክም። ከአራተኛው መስመር በታች ባዶ ነው። ያን ባዶ ቦታ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ያንተ ሲቀል አላየሁም፤ እያደር ከብዶህ ነበር። ያሸከምኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። የድጋፍ ደብዳቤውን ስጽፍ ትጉህ፣ ታማኝ፣ የሰማውን የማይረሳ አልኩህ። «አንብቦ ለመጨረስ ከሌላው ሰው የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርም ነበረው። ሰረዝኩት። በሩን እንዳይዘጉብህ ብዬ ነው። ጽፌው ቢሆን ኖሮ መነጽር ባልገዛህ ነበር። ይቅር በለኝ። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ እኔም ከዛሬ በፊት አላደረግኩትም፤ ስለዚህ አጻጻፉን አልቻልኩበት ይሆናል።

ብትባረርም ጻፍልኝ። ይልቁንም ብትባረር ጻፍልኝ። አባትህ ዛሬም ስለ ሊፍቱ ነው ያወራኝ።

ማኅደር


ወሎ ሰፈር
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። የእኛ ዒድ በደህና አለፈ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቴን በጾሙ ላሳብብ ነበር፤ እርስዎም ጿሚ ስለሆኑ አላዋጣኝም። የይቅርታዎን ደብዳቤ ሱሀይላ እንዳታየኝ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው ያነበብኩት። ይቅር ብያለሁ፤ እርስዎ ባይኖሩ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር።

አልተባረርኩም። አቶ ዑቕባይ ስነግራቸው የሐኪሙን ወረቀት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «አምስት ወር ሙሉ ሁለት ሥራ ስትሠራ ነበር፤ አንዱ ሥራው ነው፣ ሌላው መደበቁ። እንዴት አልደከመህም?» አሉኝ። ደክሞኛል አልኳቸው። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ፤ ምን ብትሠራ ይሻልሃል አሉኝ። አፌ ላይ የመጣው መጋዘን ነው።

ይኸው ከየካቲት ማብቂያ ጀምሮ ሰሚት በኩል ባለው መጋዘናችን ጭነት አሰናዳለሁ። አንድ መኪና አራት አምስት ከተማ የሚወርድ ዕቃ ይጭናል። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ መግባት አለበት፤ ከባዱ ከታች፣ ተሰባሪው ከላይ፤ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ማጋደል የለበትም። ሌሎቹ ወረቀት ላይ እየሣሉ ነው የሚያስቡት። እኔ መኪናው ባዶ እያለ ሙሉው ይታየኛል። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ከአባዬ ጋር ስጓዝ የለመድኩት ነገር ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ኃይለኪሮስ የሦስት መኪና ጭነት በሁለት ሲገባ አይቶ፣ የቀረ ዕቃ አለ ብሎ መጋዘኑን ዞሮ ፈለገ።

ግን ሁሉንም አሳምሬ አልነግርዎትም። ሉላ ልትሰናበተኝ መጥታ «በዲግሪህ ከጫኝና አውራጅ ጋር ልትውል?» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ተገፋሁ ወይስ ሄድኩ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ በየቀኑ ይለያያል።

አባዬ አያውቅም። ጠዋት በሸሚዝ እወጣለሁ፤ መጋዘን ደርሼ ቱታ እለብሳለሁ። እባክዎን እንዳይነግሩብኝ። የማስበው ያን ከመሪው ፊት ያለውን ፎቶ ነው። ያነሣዋል ብዬ እፈራለሁ። ፖስታውን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሦስት ዙር ጠምጥሜዋለሁ። አባዬ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ አያውቅም፤ ልቤ ግን አላምን አለኝ።

አክባሪዎ
ሙስአብ


ደሴ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙስአብ

ነገ ሲመለስ በእኔ በኩል አልፎ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ አባትህ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቀስ በል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መጣ። ያን በፕላስተር የተጠመጠመ ፖስታህን ሰጠኝ። ሻይ እስኪፈላ ጓዳ ገብቼ በቢላ ከፈትኩትና አነበብኩት። ስመለስ አባትህ ሌላ ፖስታ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። የድርጅትህ ማኅተም አለበት። ዋስህ ስለሆነ ለእሱ የተጻፈ ነው። መልእክተኛ መኪና ማቆሚያው ድረስ አምጥቶ አስፈርሞ ሰጥቶታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመኪናው የፀሐይ መከላከያ ሥር ሰክቶት ዞረ። ልጄ ተባሮ እንደሆነ እናቱም እህቱም ሳይሰሙ እኔ ልወቀው ብሎ፣ እቤት ለማንም አላሳየም። «እትዬ ማኅደር፣ እስቲ ያንብቡልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው» አለኝ።

የታኅሣሥ ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። አባትህን ካወቅኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ። አፍንጫው ላይ የመነጽር ምልክት አይቼ አላውቅም።

ያንተ ልመና በአንድ እጄ ነው፣ የእሱ ወረቀት በሌላው። ልዋሸው እችል ነበር። ዕድገት ነው ብል ያምነኝ ነበር፤ ምንም ብል ያምነኝ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱን የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። አንተ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለህ። ስለዚህ እንዳለ አነበብኩለት። ልጅዎ በራሱ ጥያቄ ከሰነድ ክፍል ወደ መጋዘን ተዛውሯል፤ ዋስትናዎም እንደነበረ ይቀጥላል ይላል።

«በራሱ ጥያቄ» የሚለውን አስደገመኝ። ከዚያ ያለኝን ሳልቀንስ ልጻፍልህ። «ገፍተው አውጥተውት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ጭነት ውስጥ የኖርኩት እሱ እንዳይገባበት ነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ስላንተ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሌላ ነገር ወጣኝ። «ጋሽ አብዱልገኒ፣ መነጽሩን የት ነው የሚረሱት?» አልኩት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈው። «ኖሮኝ አያውቅም» አለኝ።

ልጅ ሳለ እዚሁ ኮምቦልቻ አጠገብ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሯል። ፊደሉ እንደ ጉንዳን እየሄደ አስቸገረው። መምህሩ ሰሌዳ ፊት እያቆመ ልጆቹን ያስቅበት ነበርና አንድ ቀን ወጥቶ አልተመለሰም። የመንጃ ፈቃዱን ጥያቄ ጓደኛው እያነበበለት በቃሉ ያዘው። የኬላውን ወረቀት በማኅተሙ ቅርጽና በቀለሙ ይለየዋል። እናትህ ታውቃለች፤ ማንም ሌላ አያውቅም። እኔም ስለ ዲስሌክሲያ ለአንተ የነገርኩህን ለእሱ ነገርኩት። ከዘር ይወርዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሊወርድ ይችላል አልኩት። እጁን አየና «ታዲያ ያን ቀን የመታሁት የራሴን ነው» አለ።

ስለ ደብዳቤህ አንዲት ቃል አልነገርኩትም። ግን አይንገሩብኝ ያልከኝ ነገር በእኔ አፍ ነው የተነበበለት፤ ለዚህም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሻዩን ሳይነካ ነው የተነሣው። እስከ መኪናው ሸኘሁት። ፎቶው በቦታው ይኑር አይኑር ለማየት ግን ድፍረቱን አጣሁ።

ማኅደር


ወሎ ሰፈር
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ

ስላዘገየሁት መልስ ይቅርታ። እናትዎ ቀና ብለው መቀመጥ መጀመራቸውን አባዬ ነግሮን እማዬ እልል አለች።

ደብዳቤዎን በእጄ ሰጥቶኝ «ቀስ ብለህ አንብበው» ብሎኝ ወጣ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርሰው እሱ የእኔን አውቋል፣ እኔም የእሱን። የቀረው ማን ይጀምር ነበር። አንድ ወር ሙሉ አንዳችንም አልጀመርንም። እኔ ሸሚዜን ለብሼ እወጣለሁ፤ እሱ መንገድ ይወጣል። አንድ ማዕድ ላይ ቀርበን ስለ ነዳጅ እናወራለን።

ከዐረፋ በዓል በፊት ባለው ሐሙስ ግን አይሱዙውን ይዞ መጋዘናችን ግቢ ገባ። ለኮምቦልቻ መኪና እንደምንፈልግ ሰምቶ ራሱ ለኃይለኪሮስ ደውሎ ነው የመጣው። እኔ በቱታ ነኝ፤ አቧራ ለብሻለሁ። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመና ስናስገባ ዝም ብሎ አየ። መጨረሻ ላይ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ «እዚያ ጋ ባዶ ትተሃል» አለኝ። ለበርሜሉ ነው አልኩት። በርሜሉ መጣ፤ ገባ፤ ጣት የሚያስገባ ቦታ አልተረፈም። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ሠላሳ ዓመት የጫነ ሰው ነው። እኔ የተመረቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ኃይለኪሮስ የጭነቱን ሰነድ እንዲያነብና እንዲፈርም ሰጠው። የአባዬ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሲሄድ አየሁት። ኪሱን ዳበሰና ተወው። ጫኞቹም ኃይለኪሮስም እየሰሙ፣ «እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ ያንብብልኝ» አለ።

እጄን በቱታዬ ጠረግኩ። «አባዬ፣ እኔም ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አልኩት።

«ማን አስቸኮለህ?» አለኝ።

ወረቀቱን የጫማ ካርቶን ላይ ዘርግተን፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ እሱ ጣቴን እያየ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ከኋላችን ተራ የያዙ ሁለት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። ኃይለኪሮስ ሄዶ ዝም አሰኛቸው። መጨረሻ ላይ አባዬ ያን ሲያሳምረው የኖረውን ፊርማ ፈረመ።

ፎቶው ከመሪው ፊት ነው፤ አልተነሣም። አሁን ኬላ ላይ የሚናገረው ብቻ ተለውጧል። «የኋላውን የጫነው ይህ ልጄ ነው» ይላል አሉ። መነጽሩን ለሉላ ሰጠኋት፤ ፎቶ ስትነሣ ታደርገዋለች።

ሥራህን ትወደዋለህ ወይ ላሉኝ፦ ወገቤን ያመኛል። አቧራው ያስለኛል። ጎረቤቶቻችን እማዬን ዲግሪው ምን ሆነ እያሉ ይጠይቋታል፤ እሷም እንጀራ ልበደር ነው የመጣሁት ብላ ትመለሳለች። እሑድ ማታ ግን ሆዴን ማመሙን ትቷል። እወደዋለሁ። ዓመት ሊሞላው ሲል ስለመለስኩልዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤውን ጽፌ ስጨርስ ለአባዬ አነበብኩለት። የእርስዎንም የሚያዝያውን ደብዳቤ ጨምሬ አነበብኩለት፤ እጁን አይቶ የተናገረው ቦታ ስደርስ አለቀሰ። ይህን መስመር አሁን አጠገቤ ተቀምጦ እያለ ነው የጨመርኩት። ምን ጻፍክ አለኝ፤ አነበብኩለት። «አቧራ ነው በል» አለኝ። አልሰረዝኩትም።

ሐሙስ ሲመጣ ሻዩን ጠጥቶ እንዲሄድ አስጠንቅቄዋለሁ። ፖስታውን አላሸግኩትም፤ ክፍቱን ይዞልዎት ይመጣል።

አክባሪዎ
ሙስአብ አብዱልገኒ